ሳይቆጠር ቁልፍ ያልሰጡት እናታችን

ወላጅ እናታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥቅምት 9 ቀን 1959 ዓ.ም. ተወለዱ። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ባደጉበት ሰፈር አጠናቀው፣ የንብረት አያያዝ ሥልጠና ወስደው፣ በ21 ዓመታቸው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀጠሩ።

ያለ ፊርማ አንዲት ብሎን ከእጃቸው ስለማትወጣ ባልደረቦቻቸው «እሜቴ ፊርማ» ይሏቸው ነበር። የፋብሪካው መካኒክ የነበሩትን አባታችንን፣ ኩሽኔታ ሊወስዱ ሲመጡ የአለቃ ፊርማ ጎደለ ብለው ሦስት ጊዜ መልሰዋቸዋል። በ1985 ዓ.ም. ሲጋቡ ግን ውሉን ሳያነቡ ፈረሙ እያሉ አባታችን ይቀልዱባቸው ነበር። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ2011 ዓ.ም. አዲስ የመጣው ሥራ አስኪያጅ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ለእህቱ ልጅ እንዲሰጡ በቃል አዘዛቸው። እሱን አንቱ ለማለት ብዕሬ እምቢ ብሏል። እናታችንም «ዕቃው ይቆጠር፣ ተረካቢው ይፈርም፣ ያኔ እሰጣለሁ። ነገ ቢጎድል በማን ሊላከክ ነው?» አሉ።

በማግስቱ ኩሽኔታ ሰርቀዋል ተብለው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ከሠሩበት ግምጃ ቤት መነጽራቸውን እንኳ ሳያነሡ በፖሊስ ተወሰዱ። አሥራ አንድ ቀን ታሰሩ፤ ክስ ግን አልተመሠረተባቸውም። ሲፈቱ ከፋብሪካው የደረሳቸው ደብዳቤ «ለአሥራ አንድ ቀናት ያለ ፈቃድ ከሥራ ስለቀሩ ተሰናብተዋል» ይላል። ራሱ አሳስሮ ራሱ ለምን ቀረሽ አላቸው! እንዲህ ያለ ዓይን አውጣነት በዕድሜያችን አላየንም።

ፋብሪካውን ከሰው ስድስት ዓመት ተሟገቱ። ዳኛ ተቀየረ፣ መዝገብ ጠፋ፣ የፋብሪካው ጠበቃ አመመኝ አለ፤ ቀጠሮው አርባ ሦስት ደረሰ። የፍርድ ቤቱ አሳንሰር ለሠራተኛ ብቻ ነው ስለተባሉ አራተኛ ፎቅ በእግራቸው ይወጡ ነበር። ልባቸው መድከም ከጀመረ ወዲህ በየፎቁ ደረጃው ላይ ቁጭ ይሉ ነበር። «እማዬ፣ ይቅርብሽ» ስንላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ሌባ እንደተባልኩ አልሞትም።»

በመጨረሻ የበር ጥበቃው መዝገብ ቀረበ። ጠፉ የተባሉት ኩሽኔታዎች ከግቢ የወጡት እናታችን በታሰሩ በአራተኛው ቀን፣ በራሱ በሥራ አስኪያጁ ፊርማ ነበር። ይህ ታይቶም መዝገቡ ለውሳኔ ሌላ ስምንት ወር ተቀጠረ።

እናታችን በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ማክሰኞ ረፋድ ላይ በተወለዱ በ58 ዓመታቸው አረፉ። ውሳኔው የተነበበው በማግስቱ ነው። እስሩም ስንብቱም ሕገ ወጥ ነበር፤ ከሳሽ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ወደ ሥራቸው ይመለሱ ይላል። ጥቁር ለብሰን ቆመን ሰማን። ዳኛው «ከሳሽ ቀርበዋል?» ሲሉ አባታችን ተነሥተው «ነገ እንቀብራታለን» አሉ።

ፋብሪካው የአበባ ጉንጉን ልኮ ነበር፤ መልሰነዋል። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው ከእናንተ ከወዳጆቻቸው የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባ፣ ያን ጊዜ ወሬውን ለሰማ ሁሉ ንገሩልን፦ እናታችን ሌባ አልነበሩም።

ቀጠሮ የማያበዛው ዳኛ ነፍሳቸውን ከደጋጎች ጋር ያሳርፍልን።