አረንጓዴው ጥለት

የካቲት 1 ቀን 2005፣ ዓርብ
ዛሬ ቢሮ ዝግ ነው። ፕሮጀክተሩ መጣ! በድሉ ሳሎን ገጠመልኝ። እዚህ ዐረብ አገር፣ አማራት ሰፈር፣ የሐበሻውን ሁሉ ዲሽ የሚተክለው እሱ ነው። ምላሱ ግን አያርፍም። "መንበረ፣ ለኳስ ነው?" አለኝ። ምን ኳስ... እህቴ ሒሩት የሰርጓን ካሴት በዲቪዲ አስገልብጣ ላከችልኝ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ። እማዬ የምትንቀሳቀስበት ሌላ ምስል የለንም። ካረፈች ስድስት ዓመቷ። ፊቷ እየጠፋብኝ ነው። ይሄ ለማን ይነገራል?

የካቲት 3፣ እሑድ
መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድኩ። ሙሽራው፣ ሚዜው፣ ዳቦው... ሁሉም ብርቱካን መስሏል። ብራይትነሱን ጨመርኩ፣ ቀነስኩ። ጄኔሬተሩ ባቃሰተ ቁጥር ምስሉም ይደክማል። እማዬ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ እንግዳ ታስገባለች። የነጠላዋ ጥለት ቡናማ! ኧረ አረንጓዴ ነው! ነጠላው እኔው ሻንጣ ውስጥ አይደል እንዴ?

የካቲት 5፣ ማክሰኞ
ነጠላዋን አውጥቼ ከምስሉ አጠገብ ሰቀልኩ። ቀለሙን ወደ አረንጓዴ እየገፋሁ፣ እየገፋሁ... ጥለቱ ከጥለቱ ገጠመ! ፊቷ ግን አመድ መሰለ።
በድሉ ገመድ ሊያስር ገብቶ አየ። "እናትሽ ያኔ ታመው ነበር እንዴ?"
"አልታመመችም!" ጮህኩበት። ምን አደረገኝ?
ግን ይህን ፊት አውቀዋለሁ። የሆስፒታሉ ፊት ነው።

የካቲት 6፣ ረቡዕ
ሒሩት ጋ ደወልኩ።
"አረንጓዴው? እሱንማ ሆስፒታል ከገባች በኋላ እኔ ነኝ የገዛሁላት።"
"ለሰርግሽስ?"
"ወይን ጠጅ ጥለት። ወጥ ደፍተሽባት በቁንጥጫ ያለቀስሽበት! ረሳሽው?"
ሳቅን። ስልኩን ስዘጋ አለቀስኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ የታመመችዋን ብቻ ይዤ...

የካቲት 9፣ ቅዳሜ
በድሉን ይቅርታ ጠየቅሁ። "ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም" አለ። "ጥለቱን ተዪው። ነጩን ከነጩ አስተያዪ። ነጩ ነጭ ከሆነ ሌላው ራሱ ይመጣል።"
ምስሉን እሷ ላይ አቆምን። አረንጓዴውን ወደ ነበረበት መለስኩ። የተሰቀለውን ነጠላ እያየሁ ሰማያዊውን ትንሽ ጨመርኩ... ቀዩን ትንሽ ቀነስኩ... ነጠላዋ ነጣ። ጥለቱ ወይን ጠጅ ሆነ። ከዚያ እማዬ መጣች። ጠይም፣ ጉንጯ ሙሉ፣ ጥርሷን ከፍታ ስትስቅ። እንዲህ ነበረች ለካ!
ከነጠላዋ ጫፍ ደግሞ፣ ነጩ ላይ፣ የወጥ ጠብታ። እስከ ዛሬ አይታይም ነበር። የኔ እጅ ሥራ!
በድሉ ፊቷን አይቶ፣ "አሁን ደህና ናቸው" አለኝ።
አዎ። ደህና ናት።