አረም ስለተባለው ጎመናችን

ለተከበሩ አቶ በፈቃዱ፣
የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጤናዎ እንደ ደጅዎ ሣር የለመለመ፣ ሐሳብዎም እንደዚያው እኩል የተከረከመ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ በሰፈራችን ቴሌግራም ላይ ያወጣሁት ከአክብሮት ነው። ቀደም ሲል በኢሜይል የላክሁልዎትን ለማንበብ ጊዜ ስላጡ፣ ጎረቤት አንብቦ ይንገርዎት ብዬ ነው።

ዓሪፋ ሽኩር እባላለሁ። ከመኪና ማቆሚያው በላይ ባለው የመጨረሻ ቤት ከአባቴ ጋር እኖራለሁ። አባቴን አይረሷቸውም ብዬ አምናለሁ፤ የአረም መርዝ ሲረጭ መሐል ገብተው የቆሙት ሽማግሌ ናቸው።

ሐጂ ሽኩር ደሴ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ የሸጡ ነጋዴ እንጂ ገበሬ አልነበሩም። እናቴ ካረፈች በኋላ ወደ እኔ መጡ፤ እኔ ሆቴል ስሠራ ውዬ ስመለስ ከሶፋው አይነሡም ነበር። «አባባ፣ እንዴት ዋሉ?» ስላቸው «ዋልኩ» ብቻ ይሉኛል።

ከቤታችን ኋላ ሣር አልበቅልበት ያለ የማኅበሩ ተዳፋት ነበር። ዝናብ በመጣ ቁጥር ጭቃው መኪና ማቆሚያው ላይ ስለሚወርድ፣ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሊቀመንበር የፈለግነውን እንድንተክልበት ፈቀዱልን። አባቴም በሰኔ ወር ሰላጣ ዘሩ፤ የቨርጂኒያ ሙቀትም በሐምሌ ጠብሶ አስረከባቸው። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት ሚስ አዴል፣ አላባማ ተወልደው ያደጉ አሮጊት፣ ይህን አይተው «በዚህ ወበቅ ሰላጣ የሚዘራ ሰው ሰላጣ ይጠላል ማለት ነው» አሉ። ስተረጉምላቸው አባቴ ሳቁ። እናቴን ከቀበርን ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሚስ አዴል ለሙቀቱ ባሚያና ቃሪያ፣ ለበጋው መጨረሻ ደግሞ ጎመን ሰጧቸው። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም፤ ሆኖም በጣት እየተጠቋቆሙ ውለው ይገባሉ። አባቴም ማታ ማታ ባሚያው እንዴት እንዳበበ፣ የትኛው ትል የትኛውን ቅጠል እንደበላ እስኪሰለቸኝ ይነግሩኝ ጀመር። መሰልቸት እንዲህ ያስደስታል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ እርስዎ ተመረጡ። እንኳን ደስ ያለዎት። ስለሚከተሉት ላመሰግንዎ እወዳለሁ፦

አንደኛ፣ ባሚያና ጎመን «የሰፈሩን የውበት ደረጃ የማይጠብቅ አረም» መሆናቸውን ስላስተማሩን። ከወሎ እስከ አላባማ ሰው ሁሉ ሳያውቅ አረም ሲበላ መኖሩን ሳስብ እደነግጣለሁ።

ሁለተኛ፣ ማስጠንቀቂያውን መርዙ ከተረጨ በኋላ በራችን ላይ ስለለጠፉልን። አስቀድሞ ቢለጠፍ ኖሮ መጨነቃችን አይቀርም ነበር።

ሦስተኛ፣ ሠራተኞቹ ሽማግሌ አይተው ሲያመነቱ፣ እርስዎ ራስዎ ወርደው ስለመጡ። አባቴ የሀገሬ ልጅ መጣልኝ ብለው ደስ አላቸው። «ልጄ፣ አረም አይደለም፣ ችግኝ ነው። ጥቂት ቀን ታገሰኝና ራሴ ነቅዬ እወስደዋለሁ» አሉዎት። እርስዎም በእንግሊዝኛ «ሰር፣ ስቴፕ ባክ»፣ ወደ ኋላ ይበሉ፣ አሏቸው። «አማርኛ ትችል የለም እንዴ?» ብለው ሲጠይቁዎት «ስቴፕ ባክ፣ ፕሊስ» ብለው መለሱ። ፕሊስ ስለጨመሩበት ቤተሰባችን ባለውለታዎ ነው።

ለሚቀጥለው አራተኛ ብዬ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ ምስጋና ይሁን ምን ይሁን አላወቅሁትምና። አባቴ ያን ቀን ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። እንዴት ዋሉ ብላቸውም አልመለሱልኝም። ሰንብተውም አልመለሱልኝም።

ከዚያ ሶፋ ያስነሷቸው ሚስ አዴል ናቸው። ማኅበርዎ የማይደርስበት የራሳቸው ግቢ አላቸውና በራችንን አንኳኩተው «ግቢዬ ለብቻዬ ሰፍቶኛል፤ የተረፈ ችግኝም አለኝ» አሉ። እኔ ከሥራ ቀርቼ አፈር ተሸከምኩ፤ አባቴ መጀመሪያ ቆመው አዩኝ፣ ቀጥሎ አካፋውን ከእጄ ነጠቁኝ። ጎመኑ ጸደቀ። ሚስ አዴል እንዳሉትም የኅዳር ውርጭ ሲነካው ጣፈጠ። መርዝ የጠጣው ተዳፋት ግን የውበት ደረጃውን እንደጠበቀ፣ በመጀመሪያው ዝናብ ወደ መኪና ማቆሚያው ወርዶ በክብር አርፏል።

አሁን ወደሚያገባዎት ነገር ልምጣ። አዲሱ ጓሮ ከመስኮትዎ ትይዩ ነው። እርስዎ ቢሮ ሲሄዱ በዚያ መስኮት የሚቀመጡት እናትዎ ወይዘሮ ብሩክታይት፣ አንድ ቀን ነጠላቸውን ተከናንበው መንገዱን ተሻገሩ። «ለጾም ይሆነኛል?» ብለው ጎመኑን ዳሰሱ። «እናንተ ስትጾሙ ነው የሚጣፍጠው» አሏቸው አባቴ። ከዚያ ወዲህ ሳይመጡ የሚውሉበት ቀን የለም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ቅጠል እየለቀሙ ሲጨዋወቱ፣ በተለይ ሁለቱ ሴቶች ሳይግባቡ ሲተማሙ፣ ቢያዩ ደስ ይልዎት ነበር። ልጄ ሥራ ይበዛበታል ከማለት በቀር እናትዎ ክፉ ቃል ተናግረውብዎት አያውቁም።

አባቴም የሆነውን አልነገሯቸውም። እኔ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ቆጡኝ፤ «እናት ናት፤ ልጇን በፊቷ አላዋርድም» አሉ። እንግዲህ ለእናትዎ እንዳልናገር ተከልክያለሁ፤ ለእርስዎ እንዳልጽፍ ግን የከለከለኝ የለም። እናትዎ ቴሌግራም ስለማይከፍቱ የአባቴን ቃል አላፈረስኩም።

ያ ግቢ የማኅበሩ እንዳልሆነ ጠበቃዎ ያስረዳዎታል። እናትዎም የማኅበሩ ንብረት አይደሉምና፣ ሊቆጡ ከፈለጉ እኔን ይቆጡ፤ እሳቸውን መንገድ እንዳይሻገሩ አይከልክሏቸው።

ለሣሩ ያለዎት ፍቅር ሰዎችም ዘንድ እስኪደርስ በትዕግሥት የምትጠብቅ፣
የደረጃ ጉድለቷን የምታምን ጎረቤትዎ፣
ዓሪፋ ሽኩር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ቅዳሜ እናትዎ ያቀረቡልዎትን የጾም ጎመን ደጋግመው እንደበሉ፣ ከየትኛው ሱቅ እንደተገዛም እንደጠየቁ ሰምተናል። ስለወደዱልን ደስ ብሎናል። አባቴ «ታዲያ ለምን ከእኛ ነው አላሉትም?» ብለው እናትዎን ጠየቋቸው። ወይዘሮ ብሩክታይት ቅጠሉን እያራገፉ፣ ቀና ሳይሉ «እንዳይቆጣኝ ፈርቼ» አሉ።