ስለ ተርቡ ክብርና ስለ ኤላው መዘጋት

ለክቡር አቶ ኃይለመስቀል ወልደሚካኤል
የአዲሱ ተርብ ጥበቃ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ሜጋ፣ መጋቢት ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ ቀጥሎም በአደራ ለያዟቸው ተርቦች ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔ ቆዳ ነጋዴው ጃታኒ ዲባ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ፤ ዘንድሮ የከብት ቆዳ በሽ በሽ ስለሆነ ሥራ አልፈታሁም።

ከባሕር ማዶ የመጡት የነፍሳት ሊቅ ከብቶቻችን ከሚጠጡበት ጥልቅ ጉድጓድ፣ ከኤላችን አፍ ላይ ካለው ግራር የተንጠለጠለውን የተርብ ጎጆ አይተው፣ ይህ ዝርያ እስከ ዛሬ በመጽሐፍ ያልተመዘገበ ሳይሆን አይቀርም፣ ወንዱ ካልታየ ግን በእርግጥ መናገር አይቻልም፣ ከዝናቡ በኋላ እስክመለስ ጎጆውን አትንኩብኝ ብለው ሄዱ። ሊቁ የለመኑት ጎጆው እንዳይነካ ብቻ ነበር፤ ክቡርነትዎ ግን ኮሚቴ አቋቁመው፣ ኤላውን እንዳለ በእሾህ አጥረው ዘበኛ አቆሙበት። ለዚህ ትጋትዎ ምስጋናችን ብዙ ስለሆነ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

፩ኛ/ የኤላው ኃላፊ ሽማግሌው ጣዲቻ ከቢሮዎ በር ቆመው፣ ተርቡ ከአባቶቻቸው ዘመን ጀምሮ በዚያ ግራር እንደኖረ፣ ጥቂት ጭስ ሲያይ ዞር ብሎ ከብቱ ጠጥቶ ሲያበቃ እንደሚመለስ ቢያስረዱ፣ ጭስ በሳይንስ ላይ የተቃጣ ወንጀል መሆኑን ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

፪ኛ/ ወደ ሌላ ኤላ ሂዱ ብለው ስለመከሩን እናመሰግናለን። ሄድን። በሰው ኤላ ተራ የሚገባው የባለቤቶቹ ከብት ከረካ በኋላ ነውና ተራችን ሳይደርስ ብዙው ከብት መንገድ ላይ ተኝቶ ቀረ።

፫ኛ/ እህቴ ጉያቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው ቡሬ በምትባል አንዲት ላም ወተት ነበር። ቡሬ የውሃው ሽታ እየደረሳት ከአጥርዎ ሥር ሞተች። ዘበኛዎም ሬሳው ለተርቦቹ ጤና እንደማይስማማ ገልጦ ቶሎ እንድናነሣ አዘዘን። እህቴ የተናገረችውን ከኦሮምኛ ልተርጉምልዎ፦ «ለተርቡ ስም የሚያወጣ ሰው ከባሕር ማዶ ድረስ መጣ። የእኔ ላም ስም ነበራት፤ ማን ጠየቀኝ?» ክቡር ሆይ፣ እኔም እጅግ ተቆጥቻለሁ።

፬ኛ/ አራተኛውን ለክብርዎ ስል ትቼዋለሁ።

የተርቡን ወንድ በዓይንዎ ለማየት ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየለመንሁ፣ ዝናብና ፈቃድዎን በእኩል ከሚጠብቁት የሜጋ ከብት አርቢዎች ጋር በፊትዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ
ጃታኒ ዲባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ካበቃሁ በኋላ አንድ ወሬ ደረሰኝ። ከኤላው ውሃ የሚቀዳ ጠፍቶ የከብቱ ማጠጫ ገንዳ ስለደረቀ፣ ተርቦቹም ውሃ የሚጠማቸው ፍጥረቶች ናቸውና፣ ጎጆውን ባዶ ጥለው በክቡርነትዎ በረንዳ፣ ከውሃው በርሜል አጠገብ ሰፈሩ አሉ። እንኳን ደስ ያለዎት ልል ብመጣ፣ አንዱ ባለቤትዎን ወይዘሮ ደስታነሽን ጉንጫቸው ላይ ነድፎ ኖሮ፣ አሽከርዎ በትእዛዝዎ ገለባ አንድዶ ሁሉንም በጭስ ከፈጀ በኋላ በመጥረጊያ ሲሰበስባቸው ደረስሁ። ለወይዘሮዋ ምሕረቱን ያውርድላቸው። ዘበኛዎ ግን ዛሬም ኤላው ላይ ቆሞ ባዶውን ጎጆ ከላሞቻችን ይጠብቃል።