አባባ ጨረቃዋን ያዩ ዕለት

ሰኞ፣ ዲሴምበር 20

ዛሬም እምቢ አሉ። አባባ ከደሴ ከመጡ ሦስት ሳምንት ሊሞላቸው ነው፣ ግን ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም መውጣት አይፈልጉም። ከሥራ ስመለስ "እስቲ እስከ ወንዙ ድረስ እንሂድ" ብላቸው "ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ተዪኝ" አሉ። ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ ሬድዮ ይዘው ነው የሚውሉት። ጀርመንኛውን አይሰሙትም፣ ሙዚቃው ይበቃኛል ይላሉ።

የምሠራበት ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ ሁሉም የሚያወራው ስለ ጨረቃዋ ነው። ረቡዕ ሙሉ ትሆናለች፣ ወደ ምድርም በጣም ትቀርባለች፣ እንዲህ ትልቅና ብሩህ ሆና የምትታየው በስንት ጊዜ አንዴ ነው ይላሉ። ማታ ለአባባ ነገርኳቸው። እሳቸው አርባ ዓመት ያህል ያስተማሩ ሰው ናቸው፣ እኔንም ልጅ ሳለሁ ግቢ አስቀምጠው ከዋክብት ያሳዩኝ ነበር። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። "ጨረቃ እኛም አገር አለች" ብለው ሬድዮውን ከፍ አደረጉት።

ባለቤቴ ዳዊት በዚህ ሳምንት ኤርፖርት የሌሊት ፈረቃ ነው። ስለዚህ አባባን የማግባባው እኔ ብቻ ነኝ።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ደመና። ነገም እንዲህ ከሆነ በከንቱ ነው የምጨቀጭቃቸው።

ልጄ ሜሮን የአማርኛ ፊደሏን ጽፋ ለአያቷ አሳየቻቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ጥቂት ያዝ አደረጉና "ጎበዝ፣ ቆንጆ ነው" ብለው መለሱላት። ልጅቷ ከፋት። "ገልብጦ ነው የያዘው" አለችኝ ወጥ ቤት መጥታ፣ በጀርመንኛ። ጠየቅኳቸው። "መነጽሬን ደሴ ረስቼዋለሁ አላልኩሽም?" አሉ። እውነት ነው፣ ብለውኛል። ከፈረንጆቹ ገና በኋላ መነጽር ላሠራላቸው አሰብኩ።

ሻይ ሲቀዱም ጣታቸውን ስኒው ውስጥ ነከር ያደርጋሉ። እዚያ እናቴ ሁሉን ነገር ስለምታቀርብላቸው መቅዳት አልለመዱም፣ እላለሁ። እርጅናም አለ።

ረቡዕ

ሰማዩ ከቀትር በኋላ ጠራ። ከሥራ እንደተመለስኩ ካፖርታቸውን አምጥቼ አለበስኳቸው፣ በግድ ማለት ይቻላል። ሜሮን "ኦፓ፣ ቢተ፣ ቢተ" እያለች በጀርመንኛ አያቷን ለመነች፣ እጃቸውንም ጎተተች። ለእሷ ብለው ተነሡ።

ጋሉስ በሚባለው ሰፈራችን ከቤት ትንሽ እንደሄድን የዕቃ ባቡሮቹ ግቢ ይጀምራል። እዚያ ሕንፃ ስለሌለ ሰማዩ ሰፊ ነው። ገና መምሸቱ ነበር፣ ፀሐይ እንደገባች። ሌሎችም ሰዎች ቆመው ነበር፣ አንድ አሮጊት ውሻቸውን ይዘው፣ ሁለት ቱርኮች ሲጋራ እያጨሱ። ከዚያ ከኤግዚቢሽን ማዕከሉ ከመሴው ግንብ በስተቀኝ ጨረቃዋ ወጣች። በመጀመሪያ ብርቱካን መሰለች፣ ዝቅ ብላ፣ የምትነካ እስክትመስል ድረስ ትልቅ። ቀስ እያለች ነጣች። ሐዲዶቹ በሙሉ አበሩ። አሮጊቷ ለውሻቸው አንድ ነገር ነገሩት። እኔም ሁሉን ረስቼ ቆየሁ።

"አባባ፣ አዩዋት?"

"አየሁ። ታምራለች" አሉ። "የፈጣሪ ሥራ።"

ሜሮን እጅጌዬን ሳበችኝ። በጆሮዬ፣ "ኦፓ እኮ መብራቱን ነው የሚያየው" አለች።

ዞር ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው በግራ በኩል ወዳለው የባቡር ግቢ ፓውዛ ዞሮ ነበር። ፈገግ ብለዋል። ጨረቃዋ ትከሻቸው ላይ እያበራች ነበር፣ እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ፓውዛውን ያያሉ።

ቤት ገብተን ሜሮን ቴሌቪዥን ስትከፍት አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ ጨረቃዋ በየት በኩል ነበረች?"

ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዟዟሩት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ግራው ከሄደ ቆየ። ቀኙ በዚህ ክረምት ነው የደከመ። ብርሃንና ጥላ እለያለሁ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት፣ ልታከም አይደለም። ለገና አገሬ እገባለሁ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ትደነግጣለች።"

ወጥ ቤት ገብቼ ለቅሶዬ እንዳይሰማ ውሃውን ከፈትኩት። ሜሮን ናት ያየችው። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ብርዱ ነው፣ እርጅና ነው ስል ከረምኩ።

ሐሙስ

ለሥራ ቦታ ደውዬ ቀረሁ። የዓይን ሐኪም ዘንድ ያለ ቴርሚን (ያለ ቀጠሮ) ሄድን። ፀሐፊዋ "ከበዓሉ በፊት ቦታ የለም" አለች። አባባን አየቻቸው፣ ከዚያ "ተቀመጡ" አለች። ብዙ ጠበቅን።

ቀኝ ዓይናቸው የዓይን ሞራ ነው። ሐኪሟ በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ ጥሩ ያያሉ አለች። የግራው የዓይን ግፊት ነው፣ ነርቩን ጎድቶታል። ለእሱ ቃል አልገባም አለች።

እኔ እያንዳንዱን ወደ አማርኛ መለስኩ። የግራውን ስተረጉም ድምፄ ተሰበረ። አባባ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉ። "በደንብ ሰምቻለሁ" አሉ።

የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ በጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ነው። ያ ማለት ለገና ደሴ አይደርሱም። መንገድ ላይ "አይሆንም" አሉ። ቤት ስንደርስም "አይሆንም" አሉ። ዳዊት ለሥራ ሊወጣ ሲል "ጋሼ፣ ወጪውን እንችለዋለን፣ የቪዛውም ቀን ገና አላለቀም" አላቸው። ወደ እኔ ዞረው "ለእናትሽ ምን ብዬ?" ሲሉ ያስቸገራቸው ምን እንደሆነ ገባኝ።

ዓርብ

ለእማዬ ደወልን። አባባ ራሳቸው ይንገሩ ብዬ ስልኩን ሰጠኋቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ ጤናዋ ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁ፣ ስለ ጎረቤት። በመጨረሻ በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት። ከዚያ ብዙ ሰሙ። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ስልኩን ለኔ አቀበሉኝ።

"አውቅ ነበር" አለችኝ እማዬ። "ባልንጀሮቹን በድምፅ መለየት ከጀመረ እኮ ቆየ። ብነግረው ይቆጣል። ታዲያ 'ሂድ፣ ልጅህን ጠይቅ' ያልኩት ለምን ይመስልሻል?"

"ለኔስ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ከኤርፖርት ቀጥታ ሐኪም ቤት ትወስጂዋለሽ። በማግስቱ ይመለስ ነበር። አንቺ ታይዋለሽ ብዬ ዝም አልኩ። በይ ገናን እዚያው ያክብር፣ እኔ ከእህቴ ጋር አከብራለሁ።"

ሁለቱም አናደዱኝ። ቀለለኝም። የግራ ዓይናቸው ነገር ግን አልወጣልኝም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አባባ ወደ እኔ ዞሩ።

"ደሴ ቁልቁለቱን ስንወርድ እናትሽ ከፊቴ ቀድማ 'ድንጋይ አለ፣ ውሃ አለ' ትላለች" አሉ። "ዓመቱን ሙሉ። ስታረጅ ወሬ የበዛባት መስሎኝ ነበር።"