የአባባ ምርቃት

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት አድርጎሻል? እኛ ከድሬ ሙቀትና ከአባባ ዓይን በቀር ደህና ነን። ዓይኑ አሁን ጨርሶ ጠፍቷል። አርባ ዓመት ባቡር ጋራዥ ውስጥ ብረት ሲያዳምጥ የኖረው ጆሮው ግን ያው ነው።

ሳልደብቅ ልንገርሽ፤ ቀንቼብሻለሁ። የማጥበው፣ የማጎርሰው፣ ከዚራ ካለው ቤታችን እስከ ሐኪም ቤት ደግፌ የምወስደው እኔ ነኝ፤ የሚመርቀው ግን አንቺን ነው። «በስልክ ድምፅሽን ስሰማ ሆዴ ይባባል፣ ደብዳቤ ይሻለኛል» ካለሽ ወዲህ የምትልኪውን እያነበብኩለት አሜሪካን በቃሉ ይዟታል። የከሰሉ ባቡር በናፍጣ መተካቱን፣ የከተማችሁ ብረት ማቅለጫ ተዘግቶ ስንቱ ሠራተኛ ሜዳ ላይ መቅረቱን፣ በቦታው አንቺ የምትሠሪበት መጋዘን ተተክሎ ዕቃውን ሮቦት እንደሚያመላልሰው፣ ጥቁር የነበረው ወንዛችሁ ጠርቶ ዓሣ መመለሱን ሁሉ ያወራል። የእኛም ጋራዥ እንዲሁ ሆነ እያለ ይተክዛል። ጎረቤታችን ዴቃም «አቦ ልጅህ ሊቅ ናት፣ ወላሂ!» ትለዋለች። እኔ ጓዳ ገብቼ ድስት አጋጫለሁ።

ከፋሲካ ወዲህ ግን አንድም አልጻፍሽም። ሁለት ሥራ መያዝሽን አውቃለሁ። እሱ ግን በየጠዋቱ መጣ ወይ እያለ ሲጠይቀኝ አላስቻለኝም፤ ራሴ ጽፌ የአንቺ ነው ብዬ አነበብኩለት። አምስት ደብዳቤ! ከኢንተርኔት ለቃቅሜ፣ ከራሴም ጨምሬ። እነዚህ ከፊተኞቹ ይበልጣሉ አለ። እኔ በጻፍኩት አንቺ ስትመረቂ አንጀቴ አረረ።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ፣ አሜሪካኖች ድሮ የፉርጎውን መንኮራኩር በመዶሻ እየመቱ ይፈትሹ እንደነበር፣ ዛሬ ግን ያንን መሣሪያ እንደሚሠራው አነበብኩለት። ደህናው ብረት እንደ ደወል ይጮሃል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል ብዬም፣ በልጅነቴ እሱ ጋራዥ የሰማሁትን ጨመርኩበት። አባባ ጋራዥ ድረስ ምሳውን ይዛ የምትመጣው ማን እንደነበረች ጠየቀኝ። እኔ ነበርኩ አልኩት። እህትሽማ ጩኸቱን ፈርታ ከበሩ አታልፍም ነበር አለ። ከዚያ በእጁ ዳብሶ አናቴን አገኘና ለረጅም ጊዜ መረቀ። ሲጨርስ፣ እንዲህ ብሎ መርቆሻል ብለሽ ጻፊላት አለኝ።

በተረፈ ጤናሽን ጠብቂ፤ ሥራሽ ይቅናሽ፤ እግዚአብሔር በደህና ያገናኘን። ጊዜ ስታገኚ ጻፊለት፣ አነብለታለሁ። የቅዳሜውን ምርቃት ግን አልጽፍልሽም።

ምሳ አመላላሿ ታናሽ እህትሽ