ስንቅ ያላደረስኩበት ሳምንት

ሐምሌ 1
ማክሰኞ። ዝናብ። ከመሥሪያ ቤት አስፈቅጄ ለበድሉ ስንቅ አደረስኩ። ከሰንጋ ተራ በታች ጭቃው ጫማ ያስቀራል። እስር ቤቱ በር ላይ ዘቡ ሳህኑን ተቀበለኝ፣ ቆይቶ ባዶውን መለሰ። ባሌን ጸሎት ላይ ተገኘ ብለው ከወሰዱት ወዲህ የምናወራው በዚህ ሳህን ነው። ባዶ ከመጣ፣ አለ ማለት ነው።
ከሰዓት የውይይት ክበብ ነበር። ቁጭ ብዬ ተኛሁ።

ሐምሌ 3
ጸሎት፣ ጓደኛዬ ትርፌ ቤት። አንድ አንድ እየሆንን ገባን። የቀበሌ ጥበቃ እንዳይሰማ መዝሙሩ በሹክሹክታ። ትርፌ እጇን ጭናብኝ ስትጸልይ ድንገት፣ "በድሉ በዚህ ሳምንት እቤቱ ይበላል፣ ይላል ጌታ" አለች። ከራሴ እስከ እግሬ ሞቀኝ። አለቀስኩ። እንዲህ የተሰማኝ መቼ ነበር?
የሚመሩን ጋሽ ወልደአማኑኤል ግን ዝም አሉ። ደክሟቸው ይሆናል።

ሐምሌ 4
ዓርብ፣ የስንቅ ቀን። ምስር ወጡን ሠርቼ ጨረስኩ። ከዚያ... ይፈታል ብዬ አምኜ ስንቅ መቋጠር ምን የሚሉት እምነት ነው? ተውኩት። ሱፉን ተኩሼ በሩ ላይ ሰቀልኩለት።
ትርፌ ሰምታ አቀፈችኝ። "እምነት እንዲህ ነው" አለች።

ሐምሌ 8
አልመጣም። ዛሬም አልወሰድኩም። አሁን ብሄድ ያ ሁሉ እንባ ውሸት ሊሆን ነው?

ሐምሌ 9
ጎረቤቴ እትዬ ወለተሰንበት ከልደታ ማርያም ሲመለሱ ገቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የተሰቀለውን ሱፍ ሲያዩ እንባቸው መጣ።
"ማን ሞቶ ነው?" አልኩ።
"አትደብቂኝ ሸዋዬ። ስንቅ መውሰድ ስታቆሚ ገባኝ እኮ።"
እውነታቸውን ነው። በዚህ ዘመን ስንቅ የሚቆመው "ከእንግዲህ አታምጡ" ሲባል ነው፤ ሰውየው ሲገደል።
"ኧረ እትዬ፣ ሊፈታ ነው።"
"ማን ነገረሽ?"
በድሉስ ስሙ ሳይጠራ ሲቀር ምን ብሎ ይሆን? ሞተች? ተወችኝ?

ሐምሌ 10
ጸሎት። ያ ሙቀት እንዲመለስ ለመንኩ። ምንም...
ሰው ሲወጣ ለጋሽ ወልደአማኑኤል ነገርኳቸው። በጋዜጣ የሸፈኑትን መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው ማቴዎስ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ጌታ የታሰረን ሰው መጠየቅ እኔን መጠየቅ ነው የሚልበት ቦታ። ስንቴ አንብቤዋለሁ።
"ልብሽ ሲሞቅ ሂጂ ይላል?"
"አይልም።"
"ሲቀዘቅዝ ቅሪስ?"
"እሱንም አይልም። ትርፌ ዋሽታኝ ነው?"
"ትወድሻለች። የራሷን ምኞት የጌታ ቃል አደረገችው። ያን ዕለት ከመጽሐፉ ጋር እናስተያየው ማለት ነበረብኝ። ስታለቅሺ አሳዘንሽኝና ዝም አልኩ።"
ተናደድኩባቸው። በራሴም።

ሐምሌ 11
ወሰድኩ። ጋቢም ጨመርኩ። ምንም አልተሰማኝም፣ እግሬን ብቻ አመመኝ። ዘቡ፣ "የት ጠፋሽ? ስም በተጠራ ቁጥር ሲነሳ ሲቀመጥ ነበር" አለኝ።
ሳህኑ ግማሽ ሆኖ ተመለሰ። አሞታል አሉ። እህል አይወርድለትም።

ሐምሌ 15
ሱፉን አውርጄ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። ትርፌ በጠዋት መጣች። አይን አይኔን እያየች፣ "አሁንም እንደሚፈታ ይሰማኛል" አለች።
"ይፈታ ይሆናል። እስከዚያ አጥሚቱን አማስዪልኝ" አልኳት።
አማሰለች። ፔርሙዙንም ይዛልኝ እስከ እስር ቤቱ በር አብራኝ ሄደች። ዘነበብን። ልቤ ደረቅ ነው፣ ጸሎት እንኳ አልወጣልኝም።
ፔርሙዙ ባዶ መጣ። ዓርብ እሄዳለሁ።