ግድግዳው ላይ የበራው ስም

ልጄ ዒምራን፣ አላህ በደረስክበት ሁሉ ከፊትህም ከኋላህም ይሁንልህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ ላሚቱም ወልዳለች።

የላክኸውን ቪዲዮ እህትህ ጀዊሪያ አሳየችን። ከተማው በመብራት ሥዕል ተሞልቶ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር አይታ ጎረቤታችን ዚነት፣ «ኧረ እነዚህ ሰዎች ቤት የላቸውም እንዴ?» ብላ አሳቀችን። ከዚያ ግድግዳው ላይ አንተ ያስጻፍከው የወንድምህ የመህዲ ስም በራ። ጀዊሪያ ከላይ ያለውን የፈረንጅ ጽሕፈት ለራሷ አነበበች።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ባሕር ላይ የሞቱ ሰዎች ይላል፣ እማ።»

መህዲ በጅቡቲ በኩል ሊሻገር ከሄደ ወዲህ ድምፁን ባልሰማም ለቅሶ አልተቀመጥኩለትም። ስሙን ከግድግዳው አስነሣልኝ እንዳልልህ፣ ጀዊሪያ ሲነጋ መብራቱ ሁሉ ጠፍቷል ትለኛለች።

ሐሙስ ዱበርቲዎቹ፣ የሰፈሩ እናቶች፣ ቤታችን ለዱዓ ይቀመጣሉ። እስከ ዛሬ «በሰላም መልሰው በሉልኝ» ነበር የምላቸው። አሁን ምን በሉልኝ እንደምላቸው ጨንቆኛል። የሰማኸው ካለ፣ ብችለውም ባልችለውም፣ አትደብቀኝ አባቴ። አላህ አንተን ያቆይልኝ።

እናትህ ዘሀራ